እንባ የሚሰፈርበት ሸንጎ

አገሩን በስም አልጠራውም። ነዋሪዎቹ ራሳቸው ስሙን ሲጠሩ ግራና ቀኝ አይተው ነው፤ እናንተም እንደ ቸኳይ እንግዳ የት ነው፣ ወዴት ነው አትበሉኝ። እህቴ ደብሪቱ እዚያ ተድራ ነበርና ልጠይቃት ሄጄ፣ ሰንብቼ፣ ያየሁትን አይቼ ተመለስኩ። ከተመለስኩ ወዲህ የልጅ ድምፅ በድንገት ስሰማ እደነግጣለሁ። ለምን እንደምደነግጥ ልንገራችሁ።

በዚያ አገር በየቤቱ ግድግዳ ውስጥ አንድ ሸምበቆ አለ። ውስጡ ባዶ ነው፤ ከመሬት በታች እየተጠላለፈ ከቤት ቤት ይሄዳል። አፍህን አስጠግተህ ብትናገር ተራራ ማዶ ያለው ወንድምህ ጎኑ የተቀመጥክ ያህል ይሰማሃል። መጀመሪያ ያየሁ ዕለት፣ እውነቱን ልናገርና፣ ቀናሁ። እህቴ ከቤቷ ሳትወጣ የበርበሬ ዋጋ ትጠይቃለች፣ ሐዘን የደረሰበትን ታጽናናለች፣ አማቷን ታማለች። ልጆቹማ ሌላ ናቸው። ትልቁ ሰው ሸምበቆውን ለጉዳዩ ሲጠቀምበት ልጆቹ ይኖሩበታል። ጆሯቸውን ለጥፈው ተረት ይሰማሉ፣ እንቆቅልሽ ይጠያየቃሉ፣ አይተውት ከማያውቁት ልጅ ጋር እየተሳሳቁ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።

ሸምበቆው ግን ፊት የለውም። ድምፁ ይመጣል፣ ሰውየው አይታይም። ጢም ያወጣ ጎረምሳ ድምፁን አቅጥኖ ልጅ ነኝ ቢል የሚያጋልጠው የለም። ይህንን ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ደግሞ ማንም አያነሳውም።

ሸምበቆውን የተከሉ ጌቶች አሉ። አለቃቸው ሊቀ ሸምበቆ ዘገየ ይባላል፤ ነጭ ለባሽ፣ ለስላሳ፣ ሲናገር እጁን ከደረቱ ላይ የማያነሳ ሰው ነው። ሸምበቆዎቹ ሁሉ የሚገናኙበት ትልቅ ቤት አለው፤ የሥር ቤት ይሉታል። ድምፅ ያለፈበት ሸምበቆ ይሞቃል፤ ስለዚህ የሥር ቤት ጠባቂ በእጁ ዳስሶ የትኛው ድምፅ ከየትኛው ቤት እንደመጣ ያውቃል። ዘገየና ጠባቂዎቹ በዚህ ችሎታቸው ይኮራሉ። ማን ምን መግዛት እንዳማረው ለነጋዴ የሚነግሩት በዚሁ ነው።

ከእህቴ ቤት አጠገብ አንጓች የምትባል ሴት ትኖራለች። ባሏ ሞቶባታል፤ ገመድ እየገመደች ትሸጣለች። ንግግሯ አጭር ነው፤ ያሰበችውን ብላ ታበቃለች። አንዲት ልጅ አለቻት፣ ትሁኔ፤ የፊት ጥርሶቿን ቀይራ የጨረሰች፣ እንደ ወፍ የምትንጫጫ። እኔን «ጋሼ እንግዳው» ብላ ስም አወጣችልኝ፤ ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ቀዳዳ አንገቷን አስግጋ «ዛሬ ትሄዳለህ?» ትለኛለች። አልሄድም ስላት ደስ ይላታል።

አንድ ሰሞን ዝም አለች። በአጥሩ በኩል ጠብቄ ጠብቄ አጣኋት። እናቷ ስትገባ የሸምበቆው አፍ በልጅቱ ነጠላ ተወትፎ አገኘችው። ብርድ ይገባል ብላ ይሆናል ብላ ጨርቁን ስትነቅለው ድምፅ ወጣ። የልጅ ድምፅ ነው፤ ጣፋጭ፣ የሚያኮርፍ።

«ትሁኔ፣ ዘጋሽብኝ አይደል? እኔ ደግሞ ጓደኛዬ ነሽ ብዬ።»

አንጓች አፏን በእጇ ያዘች። ድምፁ ቀጠለ። ከመጪው ገበያ በማግስቱ ወደ አሮጌው ወፍጮ ቤት ብቻዋን እንድትመጣ ነገራት፤ ካልመጣች ያን የነገረችውን ምስጢር በአገሩ ሸምበቆ ሁሉ እንደሚያወራው፣ ለእናቷ ትንፍሽ ካለች ደግሞ የባሰ እንደሚያደርግ ነገራት። ከዚያ ሳቀ። ሳቁን ሊያቀጥነው አልቻለም፤ የትልቅ ሰው ሳቅ ነበር።

አንጓች ወደ እኛ ቤት ስትገባ ፊቷ አመድ መስሏል። የሰማችውን ነገረችን። እኔ በዕድሜዬ ብዙ ክፉ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አልሰማሁም። ልጅቱ ለዚያ ድምፅ ምን እንደነገረችው ለእናቷም አልናገርም አለች። ለምነን ለምነን እምቢ አለች፤ ብትገድሉኝም አልናገር አለች። ከዚያ ወዲያ ጥያቄው አንድ ብቻ ሆነ፦ ያ ሰው ማን ነው? ገበያው ሳይደርስ ማን እንደሆነ ካልታወቀ ልጅቱ ወይ በፍርሃት ትሄድለታለች፣ ወይ እፍረቷ ያቃጥላታል።

ሦስታችን ወደ ሥር ቤት ሄድን። ዘገየ በክብር ተቀበለን፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እስክናበቃ ሰማን። እሱም አባት እንደሆነ ነገረን። ሸምበቆው ገና ትኩስ ነው፣ ብንዳስሰው እናውቃለን፣ ነገር ግን አሳዩ የሚል ሕግ የለም አለ። ሕግ ይውጣ እንጂ እሱ ዓይኑን እንደማያሽ ማለልን። እያለሰለሰ ሸኝቶን በሩን ዘጋው።

ወደ ሸንጎው ሄድን። አፈ ሸንጎ ቸኮል ያንጓችን ጉዳይ ሲሰማ ከወንበሩ ተነሣ፤ አንድ ነገር የተሰጠው ሰው ይመስል ፊቱ በራ። የሕፃናት ጉዳይ ከመጣልን ቆየ አለ። እኔ ይህ ደግነት መስሎኝ እህቴን በክርኔ ነካኋት። እሷ ግን አገሩን ታውቃለችና መሬት መሬት ታያለች።

እዚህ ላይ የሸንጎውን ሥርዓት ካልነገርኳችሁ የሚቀጥለው አይገባችሁም። በዚያ አገር ሌላው ሕግ ሁሉ በእጅ ማውጣት ይጸድቃል። የልጆች ሕግ ግን የሚጸድቀው በእንባ ነው። በጥንት ዘመን አንድ ጨካኝ ሸንጎ ወላጅ የሌላቸውን ልጆች በክረምት ከከተማ አስወጥቶ ነበር አሉ፤ አንድም አባል ዓይኑ እንባ አላቀረረም። የኋለኞቹ አባቶች በዚህ አፍረው፣ ከእንግዲህ ልጅን የሚነካ ሕግ በደረቀ ዓይን አይጽደቅ ብለው ማሉ። ሐሳቡ ደግ ነበር። ደግ ሐሳብ ሹም ሲሾምለት ምን እንደሚሆን ግን ለእናንተ አልነግራችሁም።

የተሾመለት እንባ ሰፋሪ ይባላል። ትንሽ ቅል ይዞ በየመቀመጫው እየዞረ አባሉ ጉንጭ ሥር ይደግናል። ቅሉ ከረጠበ አባሉ ደግፏል፤ ካልረጠበ ተቃውሟል፤ የተቃወመ ደግሞ ልጆችን ይጠላል። ምክትሉ የሽንኩርት ሹም ነው፤ እንባ ለሚዘገይባቸው አባላት ከደጅ ቆሞ ይከትፋል። ይህ እንደ ነውር አይታይም፤ የመሥሪያ ቤቱ ሥራ ነው።

ከሁሉ የገረመኝ የንባቡ ነገር ነው። ረቂቁ ከለቅሶው በፊት አይነበብም፤ ንባብ ልብ ያቀዘቅዛል ይላሉ። በለቅሶው መካከልም አይነበብም፤ እንባ ባቆረ ዓይን ፊደል አይታይም። የሚነበበው ከለቅሶው በኋላ፣ ዓይን ሲደርቅ ነው። ያን ጊዜ ግን ሕግ ሆኖ አድሯል። አባላቱ የሚያውቁት ስሙን ብቻ ነው፤ ስሙ ካላስለቀሰ ረቂቁ ተመልሶ ስም ይወጣለታል።

ታዲያ ማን ይጽፈዋል ትሉ ይሆናል። አባላቱ በለቅሶ ዝግጅት ላይ ስለሆኑ ጽሕፈቱ የሚሰጠው ነገሩን ለሚያውቅ ሰው ነው። ስለ ሸምበቆ ደግሞ ከሊቀ ሸምበቆ ዘገየ በላይ ማን ያውቃል? ይህን ስሰማ በግ ለቀበሮ ሰጡ ብዬ ጮክ ብዬ ተናገርኩ፤ እህቴ ቆነጠጠችኝ።

«ወንድምዓለም፣ አንተ ነገ አገርህ ትገባለህ» አለችኝ፤ «እኔ እዚህ ነኝ።»

አንጓች ጥያቄዋን ለአፈ ሸንጎው በአፏ ነገረችው። እጆቿ ከገመድ ሥራ የሻከሩ ናቸው፤ ፊት ለፊቷ አጣምራቸው ቆመች።

«ጌታዬ፣ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ልጅ የሚያስፈራራ ድምፅ ከየትኛው ቤት እንደመጣ፣ ወላጅ በጠየቀበት ዕለት የሥር ቤት ያሳይ። ሌላ አልጠየቅኩም።»

ቸኮል እጇን በሁለት እጁ ያዘ። ይገባል አላት፤ እንዲያውም ከዚህ የበለጠ እናደርጋለን አላት። ያን «የበለጠ» የሚል ቃል ስሰማ እኔ ሞኙ ደስ ብሎኝ ነበር።

የለቅሶው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የሽንኩርቱ ሽታ ከደጅ ይቀበላል። ሕዝቡ ከላይ ባለው ሰገነት ተጨናንቆ ስለ አልቃሾቹ ይከራከራል፤ እኛ አገር ስለ ፈረስ እንደሚባለው ማለት ነው። እገሌ ቶሎ ይጀምራል ግን አይጸናም፤ እገሌ ይዘገያል፣ ከጀመረ ግን ወንበር ያንቀጠቅጣል። አንዱ አባል የእናቱን መቀነት ይዞ መጥቷል፤ ሌላው ከማለዳ ጀምሮ ውሃ ሲጠጣ ነበር አሉ። የሕጉ ስም በሐር ጨርቅ ላይ ተጽፎ ተሰቅሏል፤ «የሕፃናት ጥላ» ይላል። ገና ስሙ ሲታይ የፊተኛው ረድፍ መነፋረቅ ጀመረ።

አንጓችን ጠሯት። ወደ መሃል ወጥታ ያንኑ ቃሏን ደገመች፤ ድምፁን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ የገበያውን ማግስት። ሳትጨምር ሳትቀንስ ተናገረች። እንባ ሰፋሪው ወደ እሷ ሄዶ ቅሉን ጉንጯ ሥር ደገነ። ቆመ፣ ቆመ፤ ጠብታ የለም። ሕዝቡ ማጉረምረም ጀመረ። ከጎኔ የተቀመጠች ሴት ምን ዓይነት እናት ናት ስትል ሰማሁ። አፈ ሸንጎው ጎንበስ ብሎ፣ በእውነት በርኅራኄ፣ ትንሽ ብታለቅስ ለጉዳይዋ እንደሚበጅ መከራት።

«እንባዬን ቤቴ ጨርሼ ነው የመጣሁት» አለች አንጓች፤ «እዚህ የመጣሁት ለመናገር ነው።»

ይህ እንደ ትዕቢት ተቆጠረባት። ለማንኛውም ለቅሶው ሊታወጅ ሲል፣ ይርዳው የሚባል አንድ ሽማግሌ አባል ከኋላ መቀመጫ ተነሣ። ቀጭን ነው፤ ጋቢው ለሁለት ሰው ይበቃል። አንድ ልመና አለኝ አለ፤ ከማልቀሴ በፊት ላንብበው አለ። ሕፃን ገደልኩ ቢላቸው እንዲያ የሚደነግጡ አይመስለኝም።

«አቶ ይርዳው» አለ ቸኮል ቀስ ብሎ፣ «ልጆችን ይወዳሉ ወይስ አይወዱም?»

«እወዳለሁ። ለዚህ ነው ላንብበው ያልኩት።»

ዓይነ ደረቅ የሚል ጩኸት ከዚህም ከዚያም ተነሣ። ሁለት ዘበኞች በክንዱ ይዘው አስወጡት። ሽማግሌው አልታገለም፤ ከደጅ ላይ ዘወር ብሎ ወደ አንጓች አየና ራሱን ነቀነቀ። ያን ዕለት ማታ የቤቱን በር በድንጋይ ደበደቡበት፤ ልጆች ይጠላል ተብሎ።

ለቅሶው ተጀመረ። እኔ ሐዘን ቤት ብዙ ተቀምጫለሁ፤ እንደዚያ ያለ ዋይታ ግን ሰምቼ አላውቅም። ባለ መቀነቱ ደረቱን ይመታል፤ ውሃ ጠጪው እንደ ምንጭ ይፈሳል፤ አንዱ ራሱን ስቶ በውጪ አየር አነቃቁት። ቅሉ ሞልቶ ሌላ ቅል መጣ። ሊቀ ሸምበቆ ዘገየ የሸንጎ አባል አይደለም፤ ነገር ግን እንግዳ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከሁሉም በላይ አለቀሰ። ከበሮ ተመታ። ሕጉ ያለ አንድ ተቃዋሚ ጸደቀ፤ ተቃዋሚው ውጭ ነበርና።

ከዚያ ድግስ ነው። ሕዝቡም አባላቱም ወደ ዳሱ ተግተለተሉ። ሕጉን ለማንበብ አንድ ጸሐፊ ብቻ ቀረ፤ ለመስማት ደግሞ አንጓችና እኔ። ጸሐፊው ርቦታል መሰለኝ፣ ቶሎ ቶሎ ነበር የሚያነበው።

መጀመሪያው መልካም ነበር፤ ልጅ የሚያስፈራራ ድምፅ የተወገዘ ይሁን ይላል። አንጓች ትንፋሿን ለቀቀች። ቀጥሎ ሸምበቆ ተካዮች በሸምበቆአቸው ስላለፈ ድምፅ አይጠየቁ፣ አሳዩም አይባሉ፤ ከሕዝቡ ጋር አልቅሰዋልና አለ። ቀጥሎ ደግሞ ልጆች እንዳይሸበሩ፣ እንዲህ ያለ ድምፅ የተናገረውን ቃል ማንም ሰው በአደባባይ እንዳይደግም ከለከለ። ጸሐፊው ገጹን ገለጠ። ጠባቂዎች ልጆቹን ከትልልቆቹ ለይተው እንዲያውቁና እንዲጠብቁ፣ በየቀኑ ከብት ሲገባ እያንዳንዱ ልጅ ስሙን፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ዕድሜውንና የሚተኛበትን ስፍራ በሸምበቆው ይናገር ይላል። ሸምበቆውን የዘጋ ወይም ልጁን ያላናገረ ወላጅ ልጁን ከጥበቃ ውጭ አድርጓልና ልጁ ተወስዶ በሥር ቤት ይደግ ይላል።

ተነበበና ተጠቀለለ። ለአንድ ሰው ያልተላከ ቃል በሸምበቆው ለሁሉም ጆሮ ክፍት ነው። ያ ሰውም ጆሮ አለው።

«ወንድሜ፣ በትክክል ሰምቻለሁ?» አለችኝ አንጓች።

በትክክል ሰምተሻል አልኳት።

ዳሱ ውስጥ ገብታ አፈ ሸንጎውን ሥጋ እየቆረጠ አገኘችው። የልጆቻችንን መኝታ ለዚያ ሰው ልትነግሩልን ነው ብላ ነገረችው። ቸኮል ቢላዋውን አስቀመጠ። ግራ ገባው። ሕጉ እኮ ለልጆች ነው አላት፤ ሁላችንም አልቅሰናል አላት። ዓይኑን ትኩር ብዬ አየሁት። ውሸታም ሰው ቢሆን ኖሮ እፎይ ባልኩ ነበር። ሰውየው ከልቡ ነበር የሚናገረው፤ ከሁሉ ያስደነገጠኝ ይህ ነው። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይባላል፤ በሬውስ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚግጠው፣ እነዚህ ግን ቀና ብለው ተቀምጠው ነበር። ቸኮል ቅር እንዳላት ሲያይ ሊያስደስታት ፈለገ። የመጀመሪያው ቃል ካንቺ ቤት ይሰማል፣ እኔው ራሴ እመጣለሁ አላት።

የተቀጠረው ቀን የገበያው ዕለት ነበር። ወፍጮ ቤቱ ማግስቱን ነው። ልጅቱን ይዘሽ ጥፊ አልኳት አንጓችን፤ እኔ እሸኝሻለሁ አልኩ።

«ሸምበቆ የሌለበት የት አለ?» አለችኝ። ድንበሩ ሩቅ ነው፤ እስኪደርሱ ድረስ በየማደሪያው ሸምበቆ አለ።

ከብት ሲገባ አፈ ሸንጎ ቸኮል በበቅሎ መጣ። እንባ ሰፋሪው አብሮት ነው፤ ከበሮ መቺም አለ። ጎረቤቱ ሁሉ ግቢው ውስጥ ቆመ። ለአፈ ሸንጎው ወንበር ወጣለት፤ እሱ ግን ልጅቱን ለማክበር ብሎ ቆሞ ቀረ፤ መልካም ልጅ ናት ብሎ ራሷን ዳበሰ። በሩ ተከፍቶ ሸምበቆው ከግቢው ይታያል። በየቤቱ ያለ ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን ቃል ለመስማት ጆሮውን ወደ ሸምበቆ እንዲያስጠጋ ታዝዟልና አገሩ ጸጥ ብሏል። ውሻ እንኳ አልጮኸም።

ትሁኔ ሸምበቆው አጠገብ ቆማ ወደ እናቷ ዞረች። አንጓች ልትላት የምትችለው ምን ነበር? ተናገሪ ብትላት ለጅብ ሰጠቻት፤ አትናገሪ ብትላት የሥር ቤት ይወስዳታል። አጠገቧ ሄዳ ተንበረከከችና እጇን ያዘቻት።

«ስሜ ትሁኔ ነው» አለች ልጅቱ። «የአንጓች ልጅ ነኝ። ዐሥር ዓመቴ ነው።»

አፈ ሸንጎው ጎበዝ እንደማለት ራሱን ነቀነቀ። ትሁኔ ቀጠለች።

«የምተኛው ከእናቴ ጋር ነው። ሌሊት አልጋ ላይ ስለምሸና ነው። ይህንን ለአንድ ሰው በሸምበቆ ነግሬው ነበር። ልጅ ነኝ ብሎኝ ነበር፤ ልጅ አይደለም። ነገ ወፍጮ ቤት ብቻሽን ካልመጣሽ ለሰው ሁሉ እናገርብሻለሁ ብሎኛል። እኔው ተናገርኩት። አልመጣም።»

አንጓች ልጇን ሳብ አድርጋ ደረቷ ውስጥ ሸሸገቻት። እኔ ለቅሶዬ መጣብኝ፤ አላፍርበትም።

እንባ ሰፋሪው ሹም ነውና ቶሎ ብሎ ሕጉን ጠቀሰ። የድምፁ ቃል በአደባባይ ተደግሟል፣ ልጅቱም እናቷም ጥፋተኞች ናቸው አለ። ዘበኞቹ ወደ አፈ ሸንጎው ተመለከቱ። ቸኮል አፉን ሊከፍት ሲል ከሸምበቆው ድምፅ ወጣ።

የሕፃን ድምፅ ነው፤ ወንድ ልጅ ነው፤ ከሩቅ ነው የሚመጣው። ሕጉ እንዳዘዘው በሥርዓት ስሙን ተናገረ፣ የአባቱን ስም፣ ዕድሜውን፣ ከታናሽ ወንድሙ ጋር ምድጃው ሥር እንደሚተኛ። ከዚያም «እኔንም ብሎኛል» አለ። «እኔን ድልድዩ ሥር ና ነው ያለኝ።»

ከሱ ቀጥሎ ሴት ልጅ መጣች። እኔንም አለች። ከእሷ ቀጥሎ ገና ቃል የማይስተካከልለት አንድ ትንሽ ልጅ መጣ። ከዚያ ተደራረቡ። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይጀምራል፤ እየተጠባበቁ ነው የሚናገሩት፣ ማንም ሥርዓት አላስተማራቸውም። ስም፣ የአባት ስም፣ ዕድሜ፣ መኝታ፣ እኔንም። ጎረቤቶቹ የሚያውቁት ስም በተጠራ ቁጥር አንድ ሰው ከመካከላቸው እየወጣ ወደ ቤቱ ይሮጣል። ያ የእናቱን መቀነት ይዞ ያለቀሰው አባል ልጅ ተናገረ። የሽንኩርት ሹሙ መንታ ልጆች በአንድነት ተናገሩ። አንዱ እኮ በዓመቱ መጀመሪያ ነው የጀመረኝ አለ፤ ለእናቴ ልነግር ነበር፣ እንግዳ ነበረብን አለ።

ይህ ሁሉ በየአልጋው ሥር ነበር። ሰው እየበላ፣ እየጠጣ፣ እየተጫወተ፣ ግድግዳው ውስጥ ይህ ነበር። እኔ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያ አንዲት በጣም ቀጭን ድምፅ መጣች።

«ስሜ ውዴ ነው። የአፈ ሸንጎ ቸኮል የልጅ ልጅ ነኝ። ሰባት ዓመቴ ነው። የምተኛው ከአያቴ አጠገብ ነው። እኔንም ብሎኛል።»

ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። ቸኮል አልወደቀም፣ አልጮኸም። የሰማውን ደግሞ የሚሰማ ይመስል ጆሮውን ወደ ሸምበቆው አዘነበለ። ዓይኑ ክፍት ነው፤ የሚያየው ግን ነገር የለም።

«ትናንት ተረት ነግሬያት ነው የተኛችው» አለ። ለማን እንደሚናገር አላውቅም። «ሳትጨርሰው እንቅልፍ ወሰዳት ብዬ ነበር። ዓይኗን ጨፍና ነበር።»

እንባ ሰፋሪው ስለ ሕጉ አንቀጽ ሊያስታውሰው ቀረበ። ቸኮል በእጁ ገፋው። ያንን ሁሉ ዘመን ሸንጎ የመራ ሰው በገመድ ሠሪ ደጃፍ ቆሞ ምን ላድርግ ብሎ የሚጠይቀው ሰው አጥቶ ዙሪያውን አየ። አንጓች ልጇን እንዳቀፈች ከመሬት ተነሣች። ክፉ ቃል ትናገረዋለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ይገባዋልም ብዬ ነበር።

«ይሂዱ ቤትዎ» አለችው። «ሲደርሱ ምንም አይጠይቋት። ዝም ብለው ይቀፏት። ሲነጋ ደግሞ የሥር ቤቱን በር አብረን እናንኳኳለን።»

በቅሎዋን ረስቶ በእግሩ ወጣ። ሽማግሌ ሲሮጥ አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም፤ አያምርም። በመንገዱ ግራና ቀኝ ከየቤቱ ሰው እየወጣ ነበር፤ ችቦ የያዘ አለ፣ ዱላ የያዘ አለ፣ ልጁን ያቀፈ አለ፤ ወደ ሥር ቤት የሚወስደው መንገድ እስኪነጋ የማይጠብቁ ሰዎች ሞልተውበታል። ይርዳውን ከፊት አየሁት፣ ጋቢው መሬት ይጠርጋል።

እኛ ግቢው ውስጥ ቀረን። ዘበኞቹ ትሁኔን ይያዙ ወይስ ይተዉ የሚነግራቸው ስላጡ ዘንጋቸውን ተደግፈው ቆመዋል። አንጓች ከሸምበቆው አጠገብ ተመልሳ ተቀመጠች፤ ልጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጆሮዋን አስጠጋች። አንድ ሰው ሊሰማቸው ይገባላ። ልጆቹ ገና አልጨረሱም ነበር።